ቀጠሮው የየትኛው ከተማ ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ሆኜ ዋሽንግተን ላለ ድርጅት በርቀት እሠራለሁ። ዘወትር ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት የኦንላይን ስብሰባ አለን። የካቲት 30 ሰኞ ዕለት ካላንደሬ ስብሰባውን 10 ሰዓት ላይ አድርጎ አሳየኝ። ስልኩ ተሳስቷል ብዬ ወደ 11 መለስኩት፤ የሚቀጥሉትንም አንድ በአንድ እንደዚያው አስተካከልኩ። 11 ሰዓት ላይ ስገባ ስብሰባው አልቋል። ሌላም አለ፦ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ የእናታችንን ወርኃዊ የስኳር ክትትል በጋራ ካላንደራችን ላይ መዝግባለች። ሆስፒታሉ የሰጠን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ አሁን ግን 2 ሰዓት ይላል። የአንዳንድ ሰዎች ልደት ደግሞ ሁለት ቀን ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። የስልኬ ታይም ዞን አዲስ አበባ ሳይሆን ናይሮቢ ስለሚል ይሆን? ዴይላይት ሴቪንግ የሚባለውን ከስልኬ ማጥፋትስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ የሰኞውን ስብሰባ 10 ሰዓት ላይ ሲያሳይዎት ካላንደርዎ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ የመጣው እርስዎ ወደ 11 ሲመልሱት ነው። የእናትዎ ቀጠሮ ግን በእርግጥ ተሳስቷል። ያውም የተሳሳተው አሁን አይደለም፤ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ስህተቱ ውስጡ ነበረ፣ የሰዓት ለውጡ መጥቶ ገለጠው እንጂ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ምክንያት ነው የተንቀሳቀሱት። ሆኖም አንዱን ሳይነኩ መተው፣ ሌላውን ከሥሩ ማረም ያስፈልጋል።

ዋሽንግተን፣ እንደ አብዛኛው የአሜሪካ ክፍል፣ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ሲሞላ ሰዓቱ በቀጥታ 3 ይሆናል። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። በ2018 ዓ.ም. የማርቹ ለውጥ የዋለው የካቲት 29 ነው፤ በእኛ ሰዓት እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ማለት ነው። አዲስ አበባ ሰዓቷን አትቀይርም። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው የ8 ሰዓት ልዩነት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ 7 ሆነ። የሥራ ባልደረቦችዎ ስብሰባውን በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ነው የያዙት፤ አልነኩትም። እስከ የካቲት 29 ድረስ የእነሱ ጠዋት 9 ለእርስዎ ከቀኑ 11 ነበር፤ ከዚያ በኋላ 10 ሆነ። ጥቅምት 22 ቀን 2019 ዓ.ም. አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ስብሰባው ማንም ሳይነካው ተመልሶ 11 ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ስያሜው አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ሲሳሳትበት ስለማይ። አንዳንዱ ይህን ዴይላይት ሴቪንግ የሚባለውን ነገር «የበጋ ሰዓት» ብሎ ይተረጉመዋል። የፈረንጆቹ ሞቃት ወራት ግን የእኛ ክረምት ነው። ሰኔና ሐምሌ ዝናቡ እየወረደ «በጋ ነው» የሚል ሰው ከእኛ መካከል የለምና፣ ቃሉን የሰማ ሰው ለውጡ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለ ይመስለዋል፤ እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በቀላሉ «ሰዓት ተቀየረ» ይላሉ፣ እኔም እንደነሱ «የሰዓት ለውጥ» እላለሁ። እነሱ ዘንድ ለውጡ እሑድ ሌሊት፣ ያውም ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚመጣ፣ ማንቂያው በግድግዳ ሰዓት ላይ የሆነ ሰው በማለዳ ለቅዳሴ ሲደርስ አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈው የሚያውቀው በሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ካላንደሩ ውስጥ እንግባ። አንድ ቀጠሮ ሲመዘገብ ፕሮግራሙ ቁጥር ብቻ አያስቀምጥም፤ ቁጥሩ የየትኛው ቦታ ሰዓት እንደሆነም አብሮ ይጽፋል። ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። በኢሜይል የተላከልዎትን የስብሰባ ፋይል በተራ ጽሑፍ ማንበቢያ ቢከፍቱት መነሻውን የሚናገር አንድ መስመር ያገኛሉ። መስመሩ ላይ መጀመሪያ «አሜሪካ፣ ኒውዮርክ» የሚል የቦታ ስም አለ፤ ዋሽንግተን ለብቻዋ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች የአሜሪካ ምሥራቅ በኒውዮርክ ስም ይጠራል። ከዚያ ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በስምንት አሃዝ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ቲ የምትባል የላቲን ፊደል ትከተላለች፤ መጨረሻ ላይ 090000 ይላል። የእነሱ ጠዋት 9 ሰዓት፣ ዜሮ ደቂቃ፣ ዜሮ ሴኮንድ። ይህ መስመር በበጋም በክረምትም አይቀየርም። የእርስዎ ስልክ ሥራው መስመሩን አንብቦ በዚያ ዕለት ኒውዮርክ ከአዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደምትርቅ ማስላት ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ የቦታው ስም አይኖርም፤ በምትኩ በሰዓቱ ቁጥር ጫፍ ላይ ዜድ የምትባለዋ ፊደል ተለጥፋ ያያሉ። ያ ማለት ቀጠሮው በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ዩቲሲ በሚባለው፣ ተቆልፏል። ለአንድ ጊዜ ስብሰባ ምንም ችግር የለውም። በየሳምንቱ ለሚደጋገም ስብሰባ ግን መዘዝ አለው፦ ዩቲሲ የሰዓት ለውጥ ስለማያውቅ ስብሰባው ለአዲስ አበባ ሰው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ይውላል፤ ለዋሽንግተኖቹ ግን በማርችና በኖቬምበር ይዘላል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፦ ስምም ፊደልም የሌለው፣ ባዶ ቁጥር። እንዲህ ያለው ቀጠሮ ስልኩ የሄደበትን ከተማ ሰዓት እየለበሰ ይዞራል። ለመድኃኒት መዋጫ ማስታወሻ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ሰው ጋር ለሚደረግ ቀጠሮ ግን በፍጹም አይሆንም።

ይህን ይዘን የእናትዎን ጉዳይ እንይ። እህትዎ ቀጠሮውን የመዘገቡት በአሜሪካ ብርድ ወራት መሆን አለበት። ሆስፒታሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሏል። እህትዎ 8 ሰዓት ቀንሰው በራሳቸው ሰዓት ከሌሊቱ 1 ሰዓት እንደሚሆን አሰሉ፣ ያንኑ ጻፉ፣ በየወሩ ይደጋገም ብለው አስቀመጡት። ስሌታቸው ትክክል ነበር። ችግሩ ካላንደራቸው የጻፈው «አዲስ አበባ፣ ጠዋት 3» ሳይሆን «ኒውዮርክ፣ ሌሊት 1» መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ሰዓቷን ስትገፋ የአዲስ አበባው ሆስፒታል ቀጠሮ አብሯት ተገፋ፣ 2 ሰዓትም ሆነ። ሆስፒታሉ ደግሞ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ለደም ምርመራ በባዶ ሆድ የሚሄድ የስኳር ታማሚ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ ወንበር ላይ መጠበቁ ቀላል ነገር አይደለም። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ቀጠሮው በሐምሌ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 4 ሰዓት ይዘልና እናትዎ ተራቸው ካለፈ በኋላ ይደርሱ ነበር።

የካላንደር ስህተት ሁሉ የሚፈታው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ቀጠሮ የየትኛው ከተማ ነው? የሰኞው ስብሰባ የዋሽንግተን ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ቢሮ በሚገቡበት ሰዓት ይወሰናል። የስኳር ክትትሉ የአዲስ አበባ ነው፤ ማን መዘገበው፣ ከየት መዘገበው የሚለው ለውጥ አያመጣም። የሰዓቱን ቁጥር ከመጻፍ በፊት የከተማው ስም በቀጠሮው ታይም ዞን ላይ፣ ማለትም ሰዓቱ የየትኛው ቦታ እንደሆነ በሚናገረው መስክ ላይ፣ መቀመጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በጣቱ መደመርና መቀነስ አይኖርበትም። እህትዎ ዋሽንግተን ሆነው ታይም ዞኑን ወደ አዲስ አበባ ለውጠው 9፡00 ጠዋት ብለው ቢጽፉ ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ታይም ዞኑን የት ነው የማገኘው ቢሉ፣ ቀጠሮውን ለማረም ሲከፍቱት ከቀንና ከሰዓቱ አጠገብ ነው። በጉግል ካላንደር ስልክ ላይ ከሰዓቱ ሥር የአገር ወይም የከተማ ስም ያለበት መስመር አለ፤ እሱን ሲነኩ መለወጥ ይቻላል። በአይፎንም የመነሻ ሰዓቱን ሲነኩ እዚያው አካባቢ ይገኛል። አውትሉክ ላይ ታይም ዞኖችን የሚያሳይ ቁልፍ አለ፤ እሱ ካልተጫነ መስኩ ተደብቆ ይቀራል፣ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ የማያውቀውም ለዚህ ነው። በአማርኛ የተጫነ ስልክ ካለዎት «የሰዓት ሰቅ» የሚለውን ይፈልጉ።

በእጅዎ ያረሟቸውን ስብሰባዎች በተመለከተ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሌላ ሰው የጠራውን ስብሰባ ተጋባዥ ሲያንቀሳቅሰው፣ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር፣ የሚቀየረው የራሱ ቅጂ ብቻ ነው። ጠሪው አያየውም። ከዚህም በላይ ከተደጋጋሚ ስብሰባ አንዱን ለብቻው ሲያርሙት ያ ቀን ከተከታታዩ ተነጥሎ ልዩ ቀን ይሆናል። እርስዎ አንድ በአንድ ስላረሟቸው አሁን ካላንደርዎ ውስጥ ብዙ ልዩ ቀኖች አሉ። ጠሪው ነገ ዋናውን ቢያስተካክል እንኳ ልዩ ቀኖቹ ላይስተካከሉ ይችላሉ። ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከጥቅምት 22 በኋላ ያሉትንም ስብሰባዎች አሁን በአንድ ሰዓት ገፍተው ከሆነ ያኔ 11 መሆን ሲገባቸው 12 ላይ ተቀምጠው ያገኟቸዋል። በሥራዬ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፦ በማርች አንድ ሰዓት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር አንድ ሰዓት ይጎትታሉ፣ በሁለተኛው ዓመት የትኛው ቀን ተነክቶ የትኛው እንዳልተነካ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ልዩ ቀኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ለመመለስ አይድከሙ። ለስብሰባው ጠሪ አጭር መልእክት ይላኩ፤ የአሁኑን ተከታታይ በዚህ ሳምንት ዘግተው በኒውዮርክ ታይም ዞን አዲስ ጥሪ እንዲልኩ ይጠይቁ። አዲሱ ሲደርስዎ ተቀብለው አሮጌውን ያጥፉ። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ሳይነግሯቸው መጀመሪያ ከሰረዙ ለጠሪው «አልገኝም» የሚል ማሳወቂያ ሊሄድ ይችላል፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን በሌላ ይተረጉመዋል። ምንም ነገር ከመሰረዝዎ በፊትም ካላንደሩን ኤክስፖርት አድርገው ኮፒ ያስቀምጡ። ያለፉትን ስብሰባዎች አይንኩ፤ የሥራ ሰዓት ሂሳብ የሚሠራው በእነሱ ከሆነ ታሪኩ እንዳለ መቆየት አለበት። የራስዎን ቀጠሮ ሲያርሙም ፕሮግራሙ «ይህን ብቻ»፣ «ይህንና ተከታዮቹን»፣ «ሁሉንም» ብሎ ሲጠይቅዎ ሁለተኛውን ይምረጡ። ስልክና ኮምፒውተር በሲንክ ከተያያዙ ደግሞ እርማቱን በአንዱ ላይ ብቻ ያድርጉና ወደ ሌላው እስኪደርስ ይጠብቁ፤ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ የሚያርም ሰው ድርብ ቀጠሮ ያተርፋል።

የናይሮቢውን ነገር ይተዉት። አዲስ አበባና ናይሮቢ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፣ ሁለቱም ሰዓት አይቀይሩም። ስልኮችና ሰርቨሮች የሚጠቀሙበት የዓለም የሰዓት መዝገብ አዲስ አበባን ለናይሮቢ እንደ ሁለተኛ ስም ነው የያዛት፤ ዊንዶውስም ለእኛ አካባቢ የሚያሳየው ናይሮቢን ነው። ክብር የነካ ሊመስል ይችላል፣ ስሌቱ ግን አይለወጥም። ዴይላይት ሴቪንግን ከስልክ ስለማጥፋትም የሚጠፋ ነገር የለም፤ ለአዲስ አበባ መጀመሪያውኑ አልበራም። ልዩነቱን ያመጣው ዋሽንግተን ነው፣ ዋሽንግተን ደግሞ ከእርስዎ ስልክ ሴቲንግ አይታዘዝም። ለውጡን ችላ የሚል ስልክ ቢኖርዎት ኖሮ ከማርች እስከ ኖቬምበር ያለውን ስብሰባ ሁሉ በአንድ ሰዓት እየዘገዩ ያመልጥዎት ነበር።

ይልቅ የስህተቱን መጠን ማየት ይልመዱ፤ መጠኑ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ብቻ ሲዛነፍ፣ ያውም በማርች ወይም በኖቬምበር፣ የሰዓት ለውጥ ነው። በ3 ሰዓት ሲዛነፍ የሆነ ፕሮግራም የዩቲሲን ሰዓት ወደ እኛ ሳይቀይር እንዳለ አሳይቷል። በ7 ወይም በ8 ሰዓት ከሆነ የዋሽንግተን ሰዓት ያለ ከተማ ስም ተጽፎ ስልክዎ የአዲስ አበባ መስሎት አንብቦታል።

6 ሰዓት ግን የእኛው የብቻችን ስህተት ነው፣ ትንሽ ልቆይበት። የመጀመሪያው ምንጭ ግልጽ ነው፦ «3 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ ካላንደር ላይ 3፡00 ተብሎ ይጻፋል፤ ካላንደሩ ግን ቀኑን ከንጋት አይቆጥርምና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያደርገዋል። ሁለተኛው ስልኩ የእኛን ሰዓት እንዲያሳይ ብሎ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ መጎተት ነው። የግድግዳው ሰዓት ቢስማማም ስልኩ ሌላ አህጉር ውስጥ ያለ ይመስለዋል፣ የሚገባው ጥሪ ሁሉ ይዛባል። ሦስተኛው ምንጭ የቴክኒክ ሰዎችን ሳይቀር ያታልላል። በዚያው የዓለም የሰዓት መዝገብ ውስጥ «ኢቲሲ፣ ጂኤምቲ ፕላስ 3» የሚባል ምርጫ አለ። አዲስ አበባ ፕላስ 3 ናትና ይህ የእኛ ነው ብሎ የሚመርጠው ሰው ብዙ ነው። በዚያ የስም ቤተሰብ ውስጥ ግን ምልክቱ የተገለበጠ ነው፤ ፕላስ 3 ማለት ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ማለት ነው። ከእኛ በ6 ሰዓት ይርቃል። አጋጣሚ ሆኖ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከእኛ ባህላዊ ሰዓት ጋር ገጥሞ ስለሚያርፍ ሰውየው «አሁን ተስተካከለ» ብሎ ይደሰታል። አልተስተካከለም። ታይም ዞን ሲመርጡ ሁልጊዜ የከተማ ስም ይምረጡ፤ በቁጥር የተጻፈውን አይንኩ።

በዚሁ ምክንያት በኢሜይል ላይ «9 ኤኤም ኢኤስቲ» የሚል ነገር ሲያዩ ቃሉን እንዳለ አይውሰዱት። ኢኤስቲ በትክክል ከተያዘ የአሜሪካ ምሥራቅ የብርድ ወራት ሰዓት ብቻ ነው፤ በሞቃቱ ወራት ስሙ ኢዲቲ ነው። አሜሪካውያን በልማድ ዓመቱን ሙሉ ኢኤስቲ ይላሉ፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ቃሉን አምኖ አንድ ሰዓት ያዛባል። እርስዎ ሲጽፉ «የዋሽንግተን ሰዓት» ይበሉ። ሲጠይቁም «በዋሽንግተን ስንት ሰዓት ላይ?» ብለው ይጠይቁ።

ልደቶቹ ሁለት ቀን ላይ የተዘረጉት ከሰዓት ለውጡ ጋር የሩቅ ዝምድና ነው ያላቸው። ልደት «ሙሉ ቀን» ተብሎ ሲመዘገብ ሰዓት አይኖረውም፣ ስለዚህ የትም አይሄድም። ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት፣ 24 ሰዓት ተብሎ ከተመዘገበ ግን እንደማንኛውም ስብሰባ መነሻና መድረሻ አለው። ያ መነሻ የዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ከሆነ ለእርስዎ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ጀምሮ ወደ ማግስቱ ይፈስሳል። ከድሮ ኮምፒውተር የተገለበጡ ካላንደሮች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። እያንዳንዱን ከፍቶ «ሙሉ ቀን» የሚለውን ማብራት ነው፤ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ከዋሽንግተን ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር የሚሠሩ ወይም የሚደዋወሉ ከሆነ የባሰ የሚያደናግሩ ሳምንታት አሉ። አውሮፓ የሚቀይረው በማርች የመጨረሻው እሑድ ነው፤ በ2018 ዓ.ም. መጋቢት 20 ላይ ዋለ። እስራኤል ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ፣ መጋቢት 18። ስለዚህ ከየካቲት 29 እስከ መጋቢት 20 ባሉት ሦስት ሳምንታት በዋሽንግተንና በለንደን መካከል ያለው የ5 ሰዓት ልዩነት 4 ይሆናል። በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በለንደን መካከል የሚደረግ ስብሰባ በእነዚህ ሳምንታት ለአንዱ ወገን መዛነፉ የግድ ነው፣ የሶፍትዌር ስህተትም አይደለም። ሲመለሱ እስራኤልና አውሮፓ ጥቅምት 15፣ አሜሪካ ጥቅምት 22 ይሆናል፤ ያ ደግሞ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ያሉ ዘመዶችዎ ግን ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እነዚህን የኢትዮጵያ ቀኖች ለሚቀጥለው ዓመት በቃል አይያዙ፤ ሕጉ የተጻፈው በፈረንጅ እሑዶች ስለሆነ በ2019 ዓ.ም. የአሜሪካው ለውጥ መጋቢት 5 ላይ ይወድቃል።

ካላንደር በትክክል ተመዝግቦም የሚሳሳትበት አንድ ጊዜ አለ፦ የስልኩ የሰዓት ሕግ ሲያረጅ። መቼ እንደሚቀየር የሚወስኑት መንግሥታት ናቸው፣ ስልኩ ይህን የሚያውቀው በአፕዴት ነው። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2007 የለውጡን ጊዜ በማርች አስቀድማ፣ በኖቬምበር ደግሞ አዘግይታ ስታራዝመው ያልታደሱ ኮምፒውተሮች በተጨመሩት ሳምንታት ውስጥ ቀጠሮዎችን በአንድ ሰዓት አዛንፈዋል። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛውን ለውጥ ተወች፤ ግብጽ በ2023 መልሳ ጀመረች። በዚያው በ2023 የሊባኖስ መንግሥት ለውጡን በረመዳን ምክንያት እንደሚያዘገይ የተናገረው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ አንዳንድ ተቋማት አንቀበልም አሉ፣ አገሪቱ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ኖረች፣ በመጨረሻም ውሳኔው ተነሳ። ቤይሩት ሠራተኛ የሆኑ እህቶቻችን ጋር በእነዚያ ቀናት የደወለ ሰው ስልኩ የሚያሳየውን የቤይሩት ሰዓት ማመን አይችልም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ምንም ሴቲንግ አያድንም፤ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። አፕዴት ማግኘት ያቆመ ስልክ ካለዎትም ለሥራ ስብሰባ አይመኑበት።

ሌላው ከእርስዎ አቅም ውጭ የሚሆነው የጠሪው ምዝገባ ራሱ የተሳሳተ ሲሆን ነው። ጥሪው በዩቲሲ ከተቆለፈ ወይም በማይሆን ከተማ ከተመዘገበ ከእርስዎ በኩል የሚደረግ እርማት ሁሉ የራስዎን ቅጂ ብቻ ነው የሚያበላሸው። እሱን ጠሪው ነው ማረም ያለበት። ከ11 ሰዓት ውጭ መሰብሰብ የማይመችዎት ከሆነም ካላንደሩን በመግፋት አይፈታም። ስብሰባው የአዲስ አበባ ይሁን ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ያን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዛወሩት እነሱ ይሆናሉ፣ ከሁለት አንዱ ወገን መዛወሩ ግን አይቀርም። የሚስማሙ ከሆነ ጥሪው በአዲስ አበባ ታይም ዞን ይመዝገብ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ስልክዎን በአውቶማቲክ ታይም ዞን ላይ ይመልሱት፣ በካላንደሩ ሴቲንግ ውስጥ ዋሽንግተንን ሁለተኛ ታይም ዞን አድርገው ያውጡ፣ ከዛሬ ጀምሮም የማንንም ቀጠሮ በሰዓት ለውጥ ምክንያት በእጅዎ አይግፉ። ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ሁለቱ ከተሞች ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ይቆማሉ፤ ስብሰባው ከዋሽንግተን ጠዋት 9 ትይዩ እስካለ ድረስ በአዲስ አበባው ዓምድ 10 ቢልም 11 ቢልም ትክክል ነው። ለጠሪው መልእክት መላክ እስከ ሰኞ ሊቆይ ይችላል።

የእናትዎ ግን አይቆይም። ዛሬ ማታ እህትዎ ጋር ይደውሉ። በብርድ ወራት የጻፉትን ተደጋጋሚ ቀጠሮ ከዚህ ወር ጀምሮ ይዝጉት፤ አዲስ ይክፈቱ፣ መጀመሪያ ታይም ዞኑን አዲስ አበባ ያድርጉ፣ ከዚያ 9፡00 ኤኤም ብለው ይጻፉ፣ በርዕሱ ላይ በአማርኛ «ጠዋት 3 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ» የሚል ይጨምሩበት። አስቀምጠው ሲጨርሱ በእህትዎ ስልክ ላይ ከሌሊቱ 2፡00 ብሎ፣ በእርስዎ ላይ 9፡00 ጠዋት ብሎ መታየት አለበት፤ ስልክ ሳትዘጉ ሁለታችሁም አንብቡት። አዲሱ ምዝገባ በሁለቱም ስልክ ላይ እስኪታይ ድረስ እናትዎ መሄድ ያለባቸው የሆስፒታሉ ካርድ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው።